የካን ሳታዩ አዲስ አበባን አየሁ እንዳትሉ!

ኧረ ጉድ ነው! ይሄ ሁሉ በረከት እዚሁ ከመገናኛ ወዲህና ወዲያ ተቀምጦ ሰው ሁሉ እንዴት ዝም ይላል? ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር «የት እንሂድ?» እያላችሁ የምትጨነቁ፣ ቢሾፍቱ፣ ሶደሬ፣ ላንጋኖ እያላችሁ ነዳጅ የምታሰሉ ሁሉ፣ በናታችሁ ስሙኝ። የካ ሂዱ! ከሾላ ገበያ እስከ ዋሻ ሚካኤል፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ጫፍ! ገበያው እዚያ፣ ጫካው እዚያ፣ ባቡሩ እዚያ፣ ጎረቤት የሚባለው ጎረቤት እዚያ! ፈረንሳይ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ወዲህ ያየሁትን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ። ልናገር!

በሾላ ልጀምር። ወይኔ ሾላ! ቅዳሜ ማለዳ ድረሱ፤ ፀሐይዋ ገና ሞቅ ሳትል። ከታክሲ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ቅቤ! ኮረሪማ! ትኩስ የተፈጨ በርበሬ! አንድ እርምጃ ስትሄዱ በሶብላ፣ ሌላ እርምጃ ስትጨምሩ ጦስኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ኮሰረት። አፍንጫ ይሰክራል እኮ! እንቁላሉ ጭድ ላይ ተደርድሯል፣ አይቡ በኮባ ተጠቅልሏል፣ ቆጮው ተከምሯል። ሽንኩርቱ በየጆንያው አፍ ላይ ጢም ብሏል። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ሁሉም በየሰፌዱ ተሰልፎ ግዙኝ ግዙኝ ይላል! ዓይኔ የቱ ላይ ይረፍ?

ቅቤ ተራ ስትደርሱ ግን ቁሙ። አትቸኩሉ! እኔ አንዲት እናት ጋ ቆምኩና «እማማ፣ ለጋ አለ?» አልኳቸው። በአፍ አልመለሱልኝም። እጄን ሳብ አደረጉ፣ በጣታቸው ጫፍ ከቅቤው ቆንጠር አደረጉ፣ የእጄ ጀርባ ላይ ለቅለቅ አደረጉልኝ። «አሽቺው የኔ ልጅ፣ አሽቺና ራስሽ ፍረጂ» አሉኝ። አሸተትኩ። አቤት! ሣር፣ ወተት፣ ጭስ፣ የገጠር ጠዋት፣ ሁሉም አንድ ላይ! ከዚያ ደግሞ ከሌላኛው ዕቃ በሳሉን አወጡ። ያ ሌላ ዓለም ነው! ጠንከር፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ዶሮ ወጥ ገና ሳይሠራ አፍ ውኃ የሚሞላ። ለጋው ለክትፎና ለጸጉር፣ በሳሉ ለወጥ። እሳቸው እየመዘኑ፣ ስለ ማንጠር ያስተምሩኛል። እሳቱ ይቀንስ፣ አረፋው ይውጣ፣ ኮሰረቱ አይብዛ፣ ኮረሪማው ትኩስ ይወቀጥ። መዝነው ሲጨርሱ ደግሞ ጠብ! አንድ ጉርሻ የምታህል ቅቤ ጨመሩልኝ። ምርቃት! በፌስታል አሽጎ በሚሸጥ ሱፐርማርኬት ማን ይመርቅላችኋል? ማንም! ያ ቅቤ ቤቴ ሲነጠር ጎረቤቶቼ በሩን አንኳኩተው «ምንድን ነው ይሄ ሽታ?» አሉኝ። እውነቴን ነው!

ሾላን ሳትለቁ ጭማቂ ቤት ግቡ። ስፕሪስ እዘዙ! አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከመሃል፣ ፓፓያው ከላይ፣ ሎሚው ጭምቅ፣ ቪምቶው ጠብ! በማንኪያ ነው የሚበላው። ወፍራም! ቀዝቃዛ! ጠግባችሁ ስትነሡ የጠዋቱ ጣጣ ሁሉ ከላያችሁ ወርዷል።

እንዴት ነው የምንሄደው ለምትሉ ደግሞ፣ የካ እኮ መንገድ ሁሉ የሚገናኝበት ክፍለ ከተማ ነው! ባቡር ከፈለጋችሁ በ2008 ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር አለላችሁ። ከአያት ተነሥቶ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት አድርጎ ጦር ኃይሎች ይገባል። መስኮት ዳር ቁሙና ከተማዋ ስታልፍ እዩ! ታክሲ ከፈለጋችሁ መገናኛ ቁሙ። «ኮተቤ! ኮተቤ! ሁለት ሰው!» የረዳቶቹ ጥሪ ብቻውን ደም ያሞቃል። ክፍለ ሀገር ለመሄድም የላምበረት መናኸሪያ እዚያው ነው፤ የደብረ ብርሃኑና የደሴው መንገድ በዚያው በኩል ይወጣል። የምን ሩቅ! የካ ለሁሉም ቅርብ ነው።

እግረኛ ከሆናችሁማ በቃ፣ ለእናንተ ተብሎ ነው የተሠራው! በ2016 በኮሪደር ልማቱ የታደሰውን የአራት ኪሎ፣ ቀበና፣ መገናኛ መንገድ አመሻሽ ላይ ወርዳችሁ ተራመዱት። ሰፊ ነው! ብርሃን በብርሃን ነው! እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች ትሄዳለች፣ ወጣቶች በብስክሌት ሽው ይላሉ፣ አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ነፋሻውን አየር ይስባሉ። በአንድ በኩል የኤምባሲዎቹ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ በሌላ በኩል የከተማው መብራት። ቀበና ላይ ስትደርሱ ቀዝቀዝ ያለ አየር ፊታችሁን ዳሰስ ያደርጋችኋል። ከመቶ ዓመት በላይ ስንቱን ያዳነው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም እዚያው አቅራቢያ ነው። ሐኪም ቤቱ በእግር የሚደረስበት ሰፈር መኖር እኮ ትልቅ ጸጋ ነው!

አሁን ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። ዋሻ ሚካኤል! ይሄን ስናገር እንደገና ፀጉሬ ይቆማል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አዎ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ! ላሊበላ ድረስ አውሮፕላን ሳትሳፈሩ! ከየካ ተራራ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መሃል! መገናኛ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብላችሁ የምታዩት ያ አረንጓዴ ተራራ ይህን ደብቆ ይዟል። ማን አሰበው?

ዳገቱን በእግራችሁ ውጡት። በእግር! የባሕር ዛፍ ቅጠል ከጫማችሁ ሥር ክርትፍ ክርትፍ ይላል። ሽታው ጉሮሮ ይከፍታል፣ ሳንባ ያጥባል። ጭራሮ የጫኑ አህዮች ሲመጡ ጥግ ይዛችሁ ታሳልፏቸዋላችሁ። መንገድ ከጠፋባችሁ ያገኛችሁትን ሰው «ዋሻ ሚካኤል በየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጣቱን ቀስሮ አይተዋችሁም፣ ግማሽ መንገድ ይሸኛችኋል። እኔን የሸኙኝ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ነበሩ። ዳገቱን እየወጡ ያወራሉ! እኔ እያለከለክሁ እሳቸው ስለ ጥሩ ሽሮ አዘገጃጀት ይተርኩልኛል! እንዴት ያለ ጉልበት ነው?

ከዚያ ደረስኩ። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አለቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ መሃሉ ቤት ሆኗል! ዓምዱ አለት፣ ግድግዳው አለት፣ መስኮቱ ከዚያው ከአለቱ የወጣ! አንድ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ የለም፣ ጭቃ ያቦካ የለም። ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ነው የወረዱት። ጠጋ ብላችሁ ግድግዳውን እዩ፤ መሮው ያረፈበት ምልክት አሁንም ይታያል! መዳፌን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛ፣ ሸካራ፣ እርጥበት ያዘል። በየስንጥቁ ሣርና የድንጋይ ሽበት በቅሏል። ጣሪያው በከፊል ስለ ወደቀ ፀሐይዋ በዚያ ገብታ ዓምዱን ታቀላዋለች፤ ደመና ሲያልፍ ይጠቁራል፣ ደመናው ሲሄድ እንደገና ይቀላል! እዚያ ቆሜ ይህን ብርሃን ስከተል ሰዓቱ የት እንደ ሄደ እንጃ!

የአገሩ ትውፊት በአብርሃና አጽብሃ ዘመን፣ ማለትም በ4ኛው መቶ ዘመን ነው የተሠራው ይላል። ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ያደርጉታል። ለእኔ ሁለቱም ያስደንቃል! አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ይሄ አለት እኮ ከተማዋ ከመወለዷ በብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቅዳሴ ሰምቷል! ፒያሳ ሳይኖር፣ መርካቶ ሳይኖር፣ አራት ኪሎ የሚባል ነገር ሳይኖር! የመዲናችንን ዕድሜ ልታውቁ ከፈለጋችሁ ውጡና እዚያ ግድግዳ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ደግሞ ስትወርዱ ከተማዋ በሙሉ ከእግራችሁ በታች ተዘርግታለች! ሕንፃው፣ ቆርቆሮው፣ ቀለበት መንገዱ፣ ከሩቅ አውሮፕላን ማረፊያው! ልጆቻችሁን ውሰዱ፣ እናቶቻችሁን ውሰዱ፣ የአክስት ልጅ ከውጭ ከመጣችላችሁ ከኤርፖርት ቀጥታ እዚያ!

ሰፈሩን ሳልናገር ግን የትም አልሄድም። ምክንያቱም ቦታውን ቦታ የሚያደርገው ሰው ነው! ፈረንሳይ በገባሁ ሰሞን ዕቃዬን ገና ሳልፈታ በሬ ተንኳኳ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። «እትዬ፣ እማዬ ቡና ደርሷል ነይ ብላሻለች!» ስሜን እንኳ አታውቅም! ገባሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ይንተከተካል፣ ቆሎው በሰፌድ ቀርቧል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ! በረካው ሳይደርስ ውኃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ጥሩ ወፍጮ ቤት የቱ እንደሆነ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ፣ የዕድሩ ዳኛ ቤት፣ ዕቁቡ መቼ እንደሚጣል፣ ሁሉንም አውቄ ወጣሁ! የትኛው መተግበሪያ ነው ይህን የሚሰጣችሁ?

ዕድርማ! ዕድር ግቡ፣ አሁኑኑ ግቡ! እኛ ሰፈር አንድ ቤት ኀዘን ሲገባ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባው ተነፋ፤ ሰው እንቅልፉን ጥሎ ወጣ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው መጣ፣ ድስቱ መጣ፣ ሰሀኑ ተቆጥሮ መጣ። ሴቶቹ ጓሮ ሦስት ጉልቻ ጣሉ፣ ወንዶቹ መቃብር ቦታ ሄዱ። አንድም ሰው «ምን ላድርግ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል! ከባንክ የሥራ ኃላፊው እስከ ጫማ አዳሹ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ያድራል። ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን ያህል የተሟላ፣ ይህን ያህል የሚያምር ነገር በሕይወቴ አላየሁም!

የሰፈሩ አዘቦት ቀንም ደስታ ነው! ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ። ጥግ ላይ ትኩስ ፓስቲ፣ ዘይቱ እየተንጫጫ! ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርበሬ ሲፈጭ መንገደኛው ሁሉ እያነጠሰ «ይማርህ!» «ይማርሽ!» ይባባላል። ጉልቷ ጋ ሁለት መደብ ቲማቲም ገዝታችሁ ቃሪያው በነፃ። ማታ ኮብልስቶኑ ላይ ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፤ ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ መኪና ሲመጣ «መኪና! መኪና!» ብለው ኳሱን ያነሣሉ፣ ሲያልፍ ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል! ሴቶቹ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፣ ጎረምሶቹ ጆተኒ ቤት ይጮኻሉ። ክረምት ሲሆን ደግሞ የበቆሎ ጥብስ! ዝናቡ አባርቶ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ እሸቱ ጧ ጧ ሲል! በልታችሁ እጃችሁን እዚያው ከሰሉ ላይ ታሞቃላችሁ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

ጫካ ትፈልጋላችሁ? ጫካ አለ! ከፈረንሳይ ወደ ጉራራ ቀና ስትሉ የእንጦጦ ሰንሰለት ይጀምራል። ጎህ ሲቀድ ውጡ! ጉሙ ከዛፉ ሥር ተኝቷል፣ ጋጋኖ እየጮኸች ከላያችሁ ታልፋለች፣ ድንገት ደግሞ ኮሽታ፣ ትንፋሽ፣ ዱብ ዱብ! ሯጮች! አንድ መንጋ ሯጭ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ በአጠገባችሁ ሽው ብሎ ያልፋል! እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተለማመዱበት ተራራ ነው እኮ። ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ልብ ድው ድው ይላል፣ ጉንጭ ይቀላል። እኔም ሮጥኩ! ሮጬ ስቆም ሰውነቴ ሁሉ እየነዘረኝ፣ እየሳቅኩ ነበር!

ለማይሮጥም ሞልቷል! መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ 1,300 ሄክታር ነው። 1,300! ፈረስ ትጋልባላችሁ፣ ብስክሌት ትነዳላችሁ፣ ዚፕላይኑ ላይ ታስራችሁ በዛፉ መሃል ዘዘዘዝ ብላችሁ ትወርዳላችሁ! ልጆቹ ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ሲሮጡ እናንተ ማኪያቶአችሁን ይዛችሁ ከተማዋን ቁልቁል ታያላችሁ። አያቶች፣ ሙሽሮች፣ ተማሪዎች፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ!

እዚያ ከደረሳችሁ እንጦጦ ማርያምን ሳትሳለሙ እንዳትመለሱ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡባት ናት! ሙዚየሙ ውስጥ የነገሥታቱን አልባሳት ከቅርብ ታያላችሁ፤ ጥልፉን፣ ወርቀ ዘቦውን! አጠገቡ ቤተ መንግሥቱ አለ፤ በጭቃና በእንጨት የታነፀ፣ ወለሉ በእግር ሲረገጥ የሚያንሾካሹክ። ያንን ቤት አይታችሁ ወደ ታች ወደ ከተማዋ ስትዞሩ፣ እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ወደ ፍልውኃ የወረዱበት ምክንያት ይገባችኋል! ደግሞ ኮረብታው ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘ የኅዋ ምልከታ ማዕከል አለ። አስቡት! ከታች ባለ ጭራሮ አህያ፣ ከላይ ኮከብ የሚያይ ቴሌስኮፕ፣ አንድ ተራራ ላይ!

ስትወርዱ ሽሮ ሜዳ ቁሙ፤ ጥበቡ መንገዱን ዳር እስከ ዳር አልብሶታል። በእንጦጦ ግርጌ ደግሞ ቀድሞ ማገዶ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች አሁን ሸማ ሠርተው የሚሸጡበትን ቦታ ጠይቃችሁ ግቡ። የመወርወሪያውን ድምፅ ስሙ! ጣቶቻቸውን እዩ! አንድ ሻርፕ ግዙ፤ ለስላሳ፣ ቀላል፣ ሙቅ! እኔ አንገቴ ላይ ጣል ባደረግሁ ቁጥር ሰው ሁሉ «ከየት ነው?» ይለኛል፣ እኔም ማስረዳት እጀምራለሁ፣ አላቆምም!

እንግዲህ ተነሡ። ቅዳሜ ማለዳ ሾላ፣ ከዚያ ቅቤውን ዘመድ ቤት አስቀምጡና ዋሻ ሚካኤል፣ እሁድ እንጦጦ። ሙቀት ያለው ሹራብ ያዙ፣ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ሆዳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ። ጥርን ደግሞ እንዳታሳልፉት! ለጥምቀት የወጡት ሌሎቹ ታቦታት ጥር 11 ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የሚካኤል ታቦት ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ነው የሚገባው። ያን ቀን የካ ሚካኤል መንገድ ላይ ቁሙ! ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከበሮ፣ ጽናጽል፣ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ወደ ፊት የሚሮጡ ወጣቶች፣ ሎሚ የሚወረውር ጎረምሳ፣ ሆ እያለ የሚጨፍር ሰፈር ሙሉ! ማንንም ባታውቁ እጃችሁን ይዘው ጭፈራው ውስጥ ያስገቧችኋል፣ ሲያልቅ ደግሞ ቤት ይዘዋችሁ ገብተው ያበሏችኋል። ስልካችሁን አውጡና ቀኑን አሁኑኑ መዝግቡት፤ ጥር 12!